ፊልሙ በፖስታ ሲመጣ ሙዚቃው ለምን ቀረ? የአንድ ሲዲ ጉዳይ

በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳንታ ክሩዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ያገለገለ የሙዚቃ ሲዲ ገዙ። የፓትሲ ክላይን ምርጥ ዘፈኖች ነው። ዘፋኟ ግን ጉዳያቸው አልነበረችም። ከስጦታ መሸጫ ሱቅ ለሰላምታ ካርድ የሚሆን ስስ ፖስታ ገዙ፤ ሲዲውን ካለ ፕላስቲክ ማቀፊያው ከተቱት፤ የአንደኛቸውን የቤት አድራሻ ጽፈው፣ ቴምብር ለጥፈው ፖስታ ቤት አስገቡት። በማግስቱ ደረሰ፤ አልተሰበረም። ሰዎቹ ማርክ ራንዶልፍና ሪድ ሄስቲንግስ ናቸው። ከዚያች ፖስታ የወጣው ድርጅት ደግሞ በኋላ የፊልም ዲቪዲ በፖስታ ሲያከራይ የኖረው ኔትፍሊክስ።

(ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህን ታሪክ ያልሰማ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን አንድ ነገር አለ። ለሙከራ የተላከው ፊልም አልነበረም፤ የሙዚቃ ሲዲ ነው። ዲቪዲ ያን ዓመት ገና አሜሪካ መግባቱ ስለነበር እጃቸው ላይ አልነበረም፤ ሲዲ ደግሞ ያው ነው፤ ወርዱ 12 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 16 ግራም ገደማ። እነሱ ለመለኪያ የተጠቀሙበትን ያንኑ ሲዲ በገንዘብ ለማከራየት ቢነሱ ኖሮ ግን የአሜሪካ ሕግ ያስቆማቸው ነበር። ፊልሙን ማከራየት ተፈቅዷል፤ ዘፈኑን ማከራየት ግን ክልክል ነው። የማየው ጉዳይ ይኸው ነው። ያው ፖስታ፣ ያው ቴምብር፣ ያው ዲስክ ሆኖ ሳለ የሙዚቃ ኪራይ ለምን በፖስታ አልሄደም?

ሁለት መቶ ሱቆች

መነሻው የ1908 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። አንድ አሳታሚ መጽሐፉ ላይ ከ1 ዶላር በታች እንዳይሸጥ የሚል ማስጠንቀቂያ አተመ። የኒውዮርኩ ሜሲስ መደብር በ89 ሳንቲም ቸበቸበው። አሳታሚው ከሰሰ፤ ተረታ። የውሳኔው ፍሬ ነገር አንዴ ከተሸጠ በኋላ ዕቃው የገዢው ነው የሚል ነው፤ ባለመብቱ መጽሐፉ እንዳይባዛ መከልከል ይችላል፣ የተሸጠውን ቅጂ ግን ተከትሎ ማዘዝ አይችልም። የመጀመሪያ ሽያጭ መርህ ይባላል። አሮጌ መጽሐፍ የሚነግደውም፣ ፊልም የሚያከራየውም፣ ያገለገለ ሲዲ የሚሸጠውም እዚህ ላይ ነው የቆመው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታዲያ አንዳንድ ነጋዴ ፊልም ሲከራይ አይቶ፣ ሸክላ ለምን አይከራይም ብሎ ተነሳ። አንድ አልበም በአንድ ወይም በሁለት ዶላር ለአንድ ቀን ይሰጣል። ከጎኑ ባዶ ካሴት ይሸጣል። ተከራዩ ቤቱ ወስዶ ካሴት ላይ ይገለብጠዋል፤ በማግስቱ ይመልሰዋል። የ90 ደቂቃ ካሴት ሁለት አልበም ይይዛል።

አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ያስቀዳ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። እኛ ጋ ሸክላውን ወይም ካሴቱን ቤት ድረስ ተከራይቶ መውሰድ እንኳ አላስፈለገም፤ መቅጃውም ከባለ ሱቁ ጋር ነበር። መታወቂያ አስይዞ ካሴት ማከራየት የቪዲዮ ቤት ሥራ ነበር። ሙዚቃ ቤት የሚያከራይበት ምክንያት አልነበረውም፤ ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው ይዞት የሚቀረውን ነውና።

የጉዳዩ ቁልፍም ይኸው ይመስለኛል። ፊልም አብዛኛው ሰው አንዴ ያየዋል፤ ማየቱን ሲጨርስ ቢመልሰው የሚጎድልበት ነገር የለም። ዘፈን መቶ ጊዜ ይደመጣል። ለአንድ ቀን ዘፈን የሚከራይ ሰው አንድ ቀን ሰምቶ ሊጠግብ ነው ማለት ይከብዳል። የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚዎች ኮንግረስ ፊት ቀርበው የተከራከሩትም በዚሁ ነው፤ ኪራይ የሚሉት የቅጂ ሌላ ስሙ ነው አሉ።

ጊዜውን ልብ ይሏል። በጥር 1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀድቶ በኋላ ቢያይ ጥፋት የለበትም አለ። መቅጃውን ከሰው ቤት ማስወጣት እንደማይቻል ከዚያ በኋላ ግልጽ ነበር። የቀረው የሚቀዳው ነገር በርካሽ እንዳይገኝ ማድረግ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 1984 ፕሬዚዳንት ሬገን የሸክላ ኪራይ ማሻሻያ የተባለውን ሕግ ፈረሙ። የድምፅ ቅጂ ያለው ሰው ለንግድ ጥቅም ሲል ያለባለመብቱ ፈቃድ ማከራየት፣ ማከራየት የሚመስል ውል መግባትም ሆነ ማዋስ አይችልም። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች ብቻ ነፃ ተደረጉ። ሕጉ መጀመሪያ የአምስት ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ በ1988 ተራዘመ፣ በ1993 ከሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነት ጋር ተያይዞ ቋሚ ሆነ።

የፊልም ኩባንያዎችም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ሕግ እንዲወጣላቸው ወትውተው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። ልዩነቱ ከፍትሕ ይልቅ ከቁጥር የመጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቪዲዮ አከራዮች በየከተማው በሺዎች ተሰራጭተው፣ ማኅበር አቋቁመው፣ ለየምክር ቤት አባሎቻቸው አቤት ይሉ ነበር። ሸክላ የሚያከራዩት ሱቆች ግን በአገሩ ሁሉ ተደምረው ሁለት መቶ ቢሆኑ ነው። የሙዚቃው ወገን ነገሩን በእንጭጩ ቀጨው።

በአንድ ቴምብር የሚሄዱ፣ በአንድ ሕግ የማይዳኙ

ከዚያ በኋላ የተፈጠረው ሁኔታ ሕግ አዋቂ ላልሆነ ሰው ያስቃል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ማከራየት በ1990 ተከለከለ፤ የጨዋታ መሣሪያ ላይ የሚገባው ጌም ግን ከክልከላው ወጣ። ስለዚህ ጌምፍላይ የተባለ የሎስ አንጀለስ ድርጅት በ2002 ተቋቁሞ ጌም በፖስታ ያከራይ ገባ። ፊልም ይፈቀዳል። ጌም ይፈቀዳል። ሙዚቃ አይፈቀድም።

ትረካስ? በ1956ቱ የሜልበርን ኦሊምፒክ በጀልባ ቀዘፋ ወርቅ ያገኘው ዱቫል ሄክት፣ ከቤቱ ሎስ አንጀለስ ድረስ እየነዳ ሲመላለስ ሬዲዮው ሰለቸውና በ1970ዎቹ አጋማሽ መጽሐፍ በካሴት እያስነበበ በፖስታ የሚያከራይ ድርጅት አቋቋመ። ደንበኛው ሳጥኑን ይቀበላል፣ መኪናው ውስጥ ያዳምጣል፣ በዚያው ሳጥን ይመልሳል። የ1984ቱ ሕግ ይህን ንግድ ይነካው ይሆን የሚለው ጥያቄ በይግባኝ ውሳኔ ያገኘው በ2007 ነው፤ የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክልከላው የሚመለከተው ሙዚቃ ያለበትን የድምፅ ቅጂ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ያው ካሴት ሰው ሲያነብበት ይከራያል፤ ሲዘፈንበት አይከራይም።

ችግሩ ምናልባት ማጓጓዙ ላይ ነበር የሚል ካለ፣ አልነበረም። የአሜሪካ ፖስታ ሙዚቃ ሲያመላልስ ኖሯል። አሥራ ሁለት ሲዲ በአንድ ሳንቲም የሚል ማስታወቂያ ያወጣ የነበረው ኮሎምቢያ ሃውስ ከኢንዲያና ግዛት ቴር ሆት እየጫነ ለመላው አገር ይልክ ነበር። ያ ግን ሽያጭ ነው፤ ደንበኛው ለወደፊቱ በሙሉ ዋጋ የሚገዛውን ቁጥር ፈርሞ ነው የሚገባው።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት የፖስታውን መንገድ መከተል ይጠቅማል። አገር ቤት ያለ አንባቢ የሚያውቀው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፤ ደብዳቤውን ራሱ ሄዶ ያወጣል። አሜሪካ ውስጥ ፖስተኛው ከእሑድ በቀር በየቀኑ በር ድረስ ይመጣል፤ ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ይወስዳል። የሚላክ ፖስታ በርዎ ላይ ካለው ሳጥን ውስጥ ከተዉለት አንሥቶት ይሄዳል። ኪራይ በፖስታ የቆመው በዚህ መመለሻ ነው። በ1997 እስከ 28 ግራም ለሚመዝን ደብዳቤ ቴምብሩ 32 ሳንቲም ነበር፤ ማቀፊያው ከወለቀ ሲዲው ከነወረቀቱ እዚያ ውስጥ ይገባል። ማቀፊያው ካለበት ግን ክብደቱም ዋጋውም ይንራል።

መሐል ላይ ያለው ማሽን ነው አስቸጋሪው። ደብዳቤ የሚለየው ማሽን በሰዓት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፖስታ በቀበቶና በመዘውር መካከል እያጠማዘዘ ያሳልፋል። ወረቀት ይታጠፋል፤ ዲስክ ይሰነጠቃል። የኔትፍሊክስ ቀይ ፖስታዎች ሲመለሱ ብዙውን ጊዜ ከማሽን ውጭ በእጅ ይለዩ ነበር፤ የፖስታ አገልግሎቱ የውስጥ ተቆጣጣሪ በ2007 ባወጣው ሪፖርት ከመቶ 70ው ለማሽን የማይመች መሆኑን ጽፎ፣ ወጪው በዝቷል ሲል ወቀሰ። ጌምፍላይ በበኩሉ ጌሞቹ እየተሰባበሩ ስላስቸገሩት ተለቅ ባለ ፖስታ፣ በውድ ዋጋ ይልክ ጀመር። በ2009 ለኔትፍሊክስ በእጅ ሲለይለት ለእኔ ለምን አይደረግም ብሎ ለፖስታ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አቤት አለ። ክርክሩ አራት ዓመት ፈጅቶ በ2013 የሁለቱ ዋጋ እንዲተካከል ታዘዘ።

ላላ

ሕግ አጥብቆ ሲነበብ አላልቶ የሚያነብበው አይጠፋም። በአጋጣሚ ያ ድርጅት ስሙም ላላ ነበር። ቢል ንጉየን የተባለ የሲሊከን ቫሊ ሰው ፓሎ አልቶ ላይ አቋቁሞ በ2006 ለሕዝብ ከፈተው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ያለዎትን ሲዲ ይመዘግባሉ፤ የሚፈልጉትንም ይመዘግባሉ። ላላ የተከፈለበት ፖስታና ስስ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይልክልዎታል። የእርስዎን ሲዲ የሚፈልግ ሰው ሲገኝ፣ አድራሻው ይመጣልዎታል፤ ያሽጉና ፖስተኛው እንዲወስደው ይተዉታል። በላኩት ልክ ከሌላ ሰው ይደርስዎታል። በአንድ ሲዲ 1 ዶላር ለላላ፣ 49 ሳንቲም ለፖስታው። በዚያ ዘመን አንድ ሙሉ አልበም ከአፕል የኢንተርኔት ሙዚቃ መሸጫ፣ ከአይቲዩንስ፣ 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር።

ይህ ኪራይ አይደለም። ሲዲው አይመለስም፤ ባለቤትነቱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ላላ ራሱ አንዱንም ሲዲ ይዞ አያውቅም፤ አገናኝ ደላላ ነው። የ1908ቱ መርህ ይፈቅዳል፣ የ1984ቱ ሕግ አይከለክልም። በወረቀት ላይ እንከን የለውም።

በተግባር ግን ምን ይሆናል? አንድ ሲዲ ማክሰኞ ይደርሰኛል። ማታውን ኮምፒውተር ውስጥ ከትቼ በጥቂት ደቂቃ እገለብጠዋለሁ፤ ከዚያም አይፖዴ ላይ እጭነዋለሁ። ረቡዕ ያንኑ ሲዲ ልስጥ ብዬ እመዘግበዋለሁ። ሐሙስ በሌላ ሰው ፖስታ ይሄዳል። የሰጠሁትን ዘፈን ቅጂ ማስቀረት እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ቤቴ ገብቶ የሚያይ ግን የለም። ሲዲው ከቤት ቤት እየዞረ በየደረሰበት ቅጂ ጥሎ ያልፋል። ኮንግረስ በ1984 የፈራው ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ በካሴት ፋንታ ኮምፒውተር፣ በሱቅ ፋንታ ፖስተኛ መሆኑ ብቻ ነው። ንጉየን ይህ ሳይገባው የቀረ አይመስለኝም። ሕጉ ሳያስገድደው ከልውውጡ ገቢ ከመቶ 20ውን ለሙዚቀኞች እንደሚያውል ያስታወቀው ለዚህ ይሆናል። ያገለገለ ሲዲ ሲሸጥ ለዘፋኙ ሰባራ ሳንቲም የሚከፍል ሱቅ ስለሌለ፣ ይህን ቃሉን አላቃልልበትም።

ድክመቱ ከሥነ ምግባሩ ይልቅ አሠራሩ ላይ ነበር። ኔትፍሊክስ አዲስ ፊልም ሲወጣ በብዛት ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰው ሲፈልግ ካለበት ማዕከል ይልካል። ላላ መደርደሪያ ሊኖረው አይችልም፤ ሲዲ ገዝቶ እያዞረ ቢያከራይ ሕገ ወጥ ይሆናል። ስለዚህ እኔ የምፈልገው አልበም የሚመጣው አንድ የማላውቀው ሰው ሰልችቶት ሲለቅልኝ ነው። አዲስና ተወዳጅ የሆነውን የሚፈልግ እንጂ የሚለቅ ጥቂት ነው፤ በየቤቱ የተትረፈረፈው ደግሞ ማንም የማይጠይቀው ነው። ገበያ ሄዶ ሁሉም ጎመን ይዞ መጥቶ ሁሉም ሥጋ ሲፈልግ ማለት ነው። ሕጉ የከለከለው ማከራየትን ብቻ መስሎን ነበር፤ የከለከለው መጋዘኑን ነው።

ላላም ይህን አይቶ ፊቱን ወደ ኢንተርኔት አዞረ። በ2008 ከአራቱ ታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ጋር ተስማምቶ፣ አንድን ዘፈን መጀመሪያ በነፃ ማስደመጥ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ሁልጊዜ ለማድመጥ በ10 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። የፖስታ ልውውጡ ወደ ጎን ተገፋ። በታኅሣሥ 2009 አፕል ገዛው፤ ግንቦት 31 ቀን 2010 ዘጋው። ደንበኞች የቀራቸው ሒሳብ ወደ አይቲዩንስ ተዛወረላቸው።

በዚያው በ1984፣ ቶኪዮ

ይህ ሁሉ ሌላ መውጫ አልነበረውም ብሎ የሚያስብ ሰው ጃፓንን ይመልከት። እዚያም የሸክላ ኪራይ በ1980 ቶኪዮ ሚታካ ላይ ተጀመረ፤ እዚያም ሙዚቃ አሳታሚዎች ከሰሱ። ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ሱቆቹ ከሺህ አልፈው ነበር። የጃፓን ምክር ቤት ሕጉን ያሻሻለው ልክ እንደ አሜሪካው በ1984 ነው፤ ከጥር 1985 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ባለመብቱ አንድ አልበም ከወጣ እስከ አንድ ዓመት ኪራይ መከልከል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን መከልከል አይችልም፣ ክፍያ መጠየቅ እንጂ። በዚያው ማሻሻያ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጥ የመቅጃ ማሽን ከግል ቅጂ ነፃነት ውስጥ ወጣ። ቤትህ ቅዳ፣ ሱቄ ውስጥ አትቅዳ፤ አከራዩም ለዘፋኙ ይክፈል እንደ ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ አልወደዱትም። ግፊት ተደርጎ ከ1992 ወዲህ የውጭ አሳታሚዎችም የአንድ ዓመቱን ክልከላ አገኙ፤ ለዚህ ነው ጃፓን ውስጥ የውጭ አገር አልበም ከወጣ ዓመት እስኪሞላው ኪራይ ቤት የማይገኘው። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ሲረቀቅ ደግሞ አንድ ንዑስ አንቀጽ ገባች፤ እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 1994 ድረስ ለኪራይ ተመጣጣኝ ክፍያ የሚያስከፍል ሥርዓት የነበረው አገር ያንኑ ይዞ መቀጠል ይችላል ትላለች። በልክ የተሰፋች ልብስ ናት።

እናም የሙዚቃ ሲዲ ኪራይ በፖስታ በእውነት የኖረው እዚያ ነው። በ1983 ኦሳካ አቅራቢያ ሂራካታ ላይ በአንድ ሱቅ የተጀመረው ትሱታያ፣ በኋላ ዲስካስ በሚለው አገልግሎቱ ፊልምም ሙዚቃም በፖስታ ያከራይ ገባ። ደንበኛው ወር እየከፈለ የሚፈልገውን ይመዘግባል፤ ሁለት ዲስክ በአንድ ስስ ፖስታ ይደርሰዋል፤ ሲጨርስ መንገድ ዳር ያለው ቀይ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። ቀድቶት ይሆናል። ሶኒ በ1992 ያወጣው፣ ሚኒዲስክ የተባለው ትንሽ የመቅጃ ዲስክ እዚያ አገር ያን ያህል የተወደደው ከኪራይ ሱቅ የመጣ ሲዲ ስለሚቀዳበት ነው፤ ከመቅጃውና ከባዶ ዲስኩ ዋጋ ላይም ለባለመብቶች የሚሄድ ክፍያ ይቆረጥ ነበር። ሸክላ አሳታሚውም፣ መቅጃ ሻጩም ያው ሶኒ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሁለት ወገን ተሰልፎ የተካሰሰው ጥቅም እዚያ በአንድ ቤት ውስጥ ነበር፤ ለመስማማት ያቀለለው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ኔትፍሊክስ ከ5 ቢሊዮን በላይ ዲስክ በፖስታ ከላከ በኋላ፣ መስከረም 29 ቀን 2023 የመጨረሻዎቹን ቀይ ፖስታዎች ላከ። ለሃያ አምስት ዓመት መልሱ ሲላቸው ለነበሩት ደንበኞቹ፣ በእጃችሁ ያለውን መመለስ አያስፈልግም፣ የእናንተ ይሁን አላቸው።